እንስሳትን በማርባት የሚገኝ ደስታና ሐዘን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእርሻ ክበብ ተማሪዎች የተነገረ ንግግር)



የእርሻ ክበብ ተማሪዎች በዚህ በዓል ላይ አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙ ሰው ከእኛ የሚጠብቀው ስለ እንቁላል ቍጥርና ስለ ወተት ልክ እንድንናገር እንደ ሆነ አልጠፋንም። እርሱን በመዝገባችን ላይ ጽፈነዋል፤ መዝገቡም በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ከበዓሉ በኋላ የፈለገ ሁሉ ሊመለከተው ይችላል። ዛሬ የምንናገረው ግን በመዝገቡ ውስጥ ስለማይገባው ነገር ነው፤ ይኸውም እንስሳ በሚያረባ ሰው ልብ ውስጥ ስለሚፈራረቀው ደስታና ሐዘን ነው።

ይህን ርእስ ለመምረጥ ምክንያት ሆነን ያለፈው የጥር ወር የወላጆች ስብሰባ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ ስለ አንድ ጥጃ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ታዲያ ልጆቻችንን የምንልካቸው ለትምህርት ነው ወይስ ለለቅሶ?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎች ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነውና። ከዚያም በኋላ በረታችን በክረምቱ ይዘጋ፣ ከብቶቹም ይሸጡ የሚል አሳብ ቀርቦ እስከ ዛሬ ውሳኔ ሳያገኝ ቆይቷል። እንግዲህ ይህ ንግግር ለእኒያ እናት የምንሰጠው መልስ ነው፤ እርሳቸውም ዛሬ በመካከላችን በመገኘታቸው ደስ ብሎናል።

በአገራችን «አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» የሚባል ምሳሌ አለ። ይህን የተናገረ ሰው ብልህ ነበረ ማለት ይቻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉን ይተኛልና። ነገር ግን በማግሥቱ እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደው በራሱ ጀርባ ነው። አንድ እንስሳ በግቢው ያሰረ ሰው ያን ቀን ጅብንም፣ ጭልፊትንም፣ ሸለምጥማጥንም፣ ውርጭንም፣ ድርቅንም አብሮ ወደ ቤቱ አስገብቷል። ዘበኛችን አባባ እንደ ነገሩን፣ ከብት ያለው ሰው በሌሊት ዝናብ ሲጥል እንደ ሌላው ሰው ብርድ ልብሱን አይስብም፤ ተነሥቶ ይቀመጣል እንጂ። እኛም የክበቡ አባሎች ከሆንን ወዲህ የሌሊት ዝናብ ድምፅ ሌላ ነገር ሆኖብናል።

በመጀመሪያ ስለ ደስታው እንናገር።

በጥቅምት ወር አንዲት የሐበሻ ዶሮ በ12 እንቁላል ላይ አስቀመጥን። ዶሮ የምትታቀፈው 21 ቀን እንደ ሆነ በመጽሐፍ አንብበን ነበር፤ በመጽሐፍ ማንበብና ቀኑን መቍጠር ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የታቀፈች ዶሮ እህል ለመልቀም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ብድግ ትላለች፤ ጥቂት ጭራ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ አንድ የረሳችው ጕዳይ እንዳለ ሰው እየተጣደፈች ትመለሳለች። እንቁላሎቹንም በአፏ እያገላበጠች ሙቀቱ ለሁሉም እንዲደርስ ታደርጋለች። ይህን ያስተማራት የለም። በ20ኛው ቀን ከእኛ አንዱ እንቁላሉን በጆሮው አስጠግቶ ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያም ሁላችንም በተራ አዳመጥን። ጫጩቱ ገና ቅርፊቱን ሳይሰብር በውስጡ ሆኖ ይጮኻል። በዚያን ቀን የታሪክ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የነበራችሁት መምህራችን ዘግይተን ስለ ገባን ምክንያቱን ጠይቀውን ነበር፤ ምክንያቱ ይህ ነው። በማግሥቱ 10 ጫጩቶች ተፈለፈሉ።

ላም በምትወልድበት ቤት ያለውን ደስታ ለገጠር ልጆች መንገር አያስፈልግም፤ የከተማ ልጆች ግን ስለማያውቁት ጥቂት እንበል። ላሚቱ ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀኖች የምትሰጠው ወተት እንገር ይባላል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ወፍራምም ነው፤ እሳት ሲነካው ይረጋል። ለእንቦሳው ግን ከምግብም በላይ ነው፤ እንቦሳ ሲወለድ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል በደሙ ውስጥ ስለሌለው፣ ይህን ኃይል የሚያገኘው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሚጠባው እንገር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ እንቦሳው ይጠግባል፤ ከእርሱ የተረፈው ለሰው ይሆናል። ሰውም ብቻውን አይበላውም፤ ለጎረቤት ይቀመሳል። ላማችን ሻሾ በመስከረም ወር በወለደች ጊዜ እንገሩ በ43 ተማሪዎች መካከል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዳችን አንድ ማንኪያ ያህል ደረሰን። ያን ያህል የሚጣፍጥ ነገር እስከ ዛሬ አልቀመስንም ስንል ማጋነን አይደለም። አንዳንዶቻችን እንዲያውም ጣዕሙን አልወደድነውም ነበር፤ ሆኖም በማግሥቱ ለሌሎች ክፍል ተማሪዎች ስንነግር እንደ ማር ነው አልን።

እንግዲህ ወደ ሐዘኑ እንለፍ።

የምንኖርበት አገር ደጋ ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ያለብሰዋል። የሻሾ ጥጃ ሁለት ወር በሞላው ጊዜ በኅዳር አጋማሽ ላይ ማሳል ጀመረ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ተጠርተው መጡ፤ የሳንባ በሽታ መሆኑን ነግረውን መድኃኒት ወጉት። ጆንያ አለበስነው፤ በተራ አደርንለት። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ሞተ። ከዚህ በኋላ ስላለው ለቅሶ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ እኒያ እናት በልጃቸው ላይ ያዩት እርሱ ነው። እኛ በተለይ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው።

የአገራችን ላሞች ጥጃቸው ከአጠገባቸው ካልቆመ ወተታቸውን አይሰጡም። ሻሾም ጥጃዋ ከሞተ በኋላ ጡቷ እየሞላ፣ እየነካናት ግን ጠብ ሳታደርግ ሁለት ቀን ዋለች። ሌሊቱን ሁሉ እየጮኸች ትጣራ ነበር። ዘበኛችን አባባ ይህን አይተው የጥጃውን ቆዳ አስገፈፉ፤ ውስጡን ገለባ ሞልተው ሰፉት፤ በላዩም ጨው ነሰነሱበት። ከዚያም ወስደው በፊቷ አቆሙላት። ሻሾ መጀመሪያ አሸተተችው፤ ትንፋሿን ሳበች፤ ከዚያም ትልሰው ጀመር። ያን ጊዜ ወተቱ መጣ።

በዚህ ነገር በመካከላችን ብዙ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ፣ «ይህ ማታለል ነው፤ እናትን በልጇ ቆዳ እያታለሉ ማለብ ግፍ ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «አታዩም እንዴ፣ ጩኸቷን እኮ ተወች፤ እርሷም ተጽናንታለች» አሉ። ስታልባት የነበረችው ተማሪ ግን ከማንኛቸውም ሳትሆን፣ ለአንድ ሳምንት በእርሷ ተራ ሌላ ሰው እንዲተካላት ለመነች፤ ተተካላትም። የባዮሎጂ መምህራችን በክፍል ውስጥ እንደ ነገሩን፣ ጥጃው ጡቱን ሲጎሽም ወይም እናቲቱ ስታሸተውና ስትልሰው፣ ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የሚባል ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ትለቃለች፤ ወተቱንም ወደ ታች የሚያወርደው እርሱ ነው። ላሚቱ ስትደነግጥ ወይም ስትፈራ ግን ይህ ሥራ ይታገዳል። ይህን ከተማርን በኋላ አንድ ነገር ገባን፤ ላምን እየመቱና እየተቆጡ ማለብ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ነው። ነገር ግን የክርክሩን መልስ ኦክሲቶሲን አልሰጠንም። እስከ ዛሬም ሁለት ወገን እንደ ሆንን ነን። የመጡትን ወላጆች በተለይም ከብት አርቢዎቹን በዚህ ነገር ብንጠይቃቸው ደስ ይለናል፤ አባባ ግን ሲጠየቁ፣ «ልጆቼ፣ ላሚቱንም ጠይቋት» ብለው ሄዱ።

የዶሮዎቹ ነገር ከዚህ ይከፋል፤ በጥቂት ቃል እንናገረው። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ መጨረሻ 31 ዶሮዎች ነበሩን። በዓል ሲመጣ ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ስለሚዘዋወር፣ በሽታውም አብሮ ይዘዋወራል። ፈንግል በሰፈራችን ገባ። ክትባቱ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሮ ነበር፤ በሽታው ማክሰኞ ቀደመ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝማሉ፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያም አንገታቸው ይጣመማል። ይህ በሽታ በ1918 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ስለ ታወቀ ሳይንቲስቶች በዚያች ከተማ ስም ይጠሩታል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። በአምስት ቀን ውስጥ 27ቱ ሞቱ። መዝገባችን «አስተያየት» የሚጻፍበት አንድ ዓምድ አለው፤ በሌላው ቀን ሁሉ ተረኛው ተማሪ «ቀይዋ ዛሬ ቁጡ ናት» ወይም «አውራው በርእሰ መምህሩ ላይ ጮኸ» እያለ ይጽፍበት ነበር። በእነዚያ አምስት ቀኖች ግን ቍጥር ብቻ ነው ያለበት። መዝገቡን ስትመለከቱ ይህን ገጽ አትለፉት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ትልቅ ሐዘን ሳንናገር ብንቀር የእኛ ትንሽ ሐዘን ከልኩ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታይብናል። አያቶቻችን ከአያቶቻቸው እየሰሙ «ክፉ ቀን» ስለሚሉት ዘመን ማለታችን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች አማካይነት አንድ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። የበሽታው ስም በአማርኛ ደስታ ነው። እንዲህ ያለ ስም ለእንዲህ ያለ መቅሠፍት መሰጠቱ ሁልጊዜ ይገርመናል። በሽታው የያዘው በሬ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቈስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ ቀንም ሳይቆይ ይሞታል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በኢትዮጵያ ከነበረው ከብት ከመቶው ዘጠናው ያህል አለቀ።

በሬ ሲያልቅ የሚያልቀው በሬ ብቻ አይደለም። ሞፈርና ቀንበሩ በማጀት ይሰቀላል፤ መሬቱ ጦም ያድራል። በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበትና ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ፤ ሕዝቡም አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር፣ ሰው ያለ በሬ በእጁ እንዲቆፍር ምሳሌ እንደ ሆኑ ተጽፏል። አንድ ንጉሠ ነገሥት ዶማ እስኪይዝ ድረስ የበሬ ሞት ምን ያህል ነገር እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ገበሬው በሬው ሲሞት ያለቀሰው ለበሬው ነው ወይስ ለልጆቹ ብሎ መለየት የሚቻል አይመስለንም። ጉራች፣ ቦራ፣ ዳማ እያለ በስም የሚጠራው፣ ጠዋት ከእርሱ ጋር ወጥቶ ማታ ከእርሱ ጋር የሚገባ፣ አብሮት የሚደክም ፍጥረት ነው።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ግን ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ እርሱንም እንንገራችሁ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በኬንያ አገር ሙጉጋ በተባለ ስፍራ ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ርካሽና አስተማማኝ የሆነ ክትባት አወጡ። ችግሩ ክትባቱ በበረዶ ካልተያዘ መበላሸቱ ነበር። በኋላ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ቀን ሊቆይ የሚችል ዓይነት ተሠራ። በአፋር ምድር ከ1986 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል በራሳቸው ሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ ይህን ክትባት በእግር ተሸክመው መኪና በማይደርስበት በረሃ ሁሉ እየዞሩ ከብቱን ከተቡ። ሰዎቹ የትልቅ ትምህርት ቤት ምሩቆች አልነበሩም፤ የትኛው መንጋ በየትኛው ወር በየትኛው ውሃ ላይ እንደሚገኝ ግን ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ላይ ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ከምድር ላይ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፈንጣጣ ነው፤ ሁለተኛው ይህ ነው።

ታዲያ ይህን ያደረጉት ሰዎች በከብት ሞት ያላዘኑ ሰዎች ይመስሏችኋልን? ለእኛ አይመስለንም። ከእኛም መካከል ፈንግል ከገባ ወዲህ የእንስሳት ሕክምና ለመማር ቈርጠው የተነሡ ሦስት ተማሪዎች አሉ። ከሦስቱ አንዷ እኒያ እናት የተናገሩላት፣ እህል አልቀምስም ብላ የነበረችው ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወዳስቸገረን ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የበጎቹ ነገር ነው። ጥጃውንና ዶሮዎቹን የነጠቀን በሽታ ነው። በጎቹን ግን ማንም አልነጠቀንም፤ የሸጥናቸው እኛው ነን።

በታኅሣሥ ወር ገንዘብ አዋጥተን ሦስት የመንዝ ጠቦቶች ገዛን። የመንዝ በግ በቁመቱ አጭር፣ በጠጕሩ ረዥም ነው፤ የአገሩ ሰው ከጠጕሩ ባናና ዝተት እየሠራ ብርዱን የሚያሳልፍበት ነው። የመጀመሪያው አሳባችን ቀልበን ለፋሲካ በመሸጥ ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት መግዛት ነበር። አሳቡ በወረቀት ላይ በጣም ያማረ ነበር። ነገር ግን በጥር ወር ከሦስቱ አንዷ ጥጥዬ የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ስም ከወጣላት በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ደወል ሲደወል ወደ ክፍላችን በር መምጣት ጀመረች። የሒሳብ መምህራችን ሁለት ጊዜ አስወጥተዋታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ተዋት።

ፋሲካ ሲቃረብ ክበቡ ተሰበሰበ። አንዱ ወገን፣ «ከመጀመሪያው የተስማማነው ለመሸጥ ነው፤ ቃል ይከበር፤ በየቤታችንም በግ ይታረዳል፣ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ። ሌላው ወገን፣ «በየቤታችን የሚታረደው ትናንት ከገበያ የመጣ ነው፤ ይህን ያሳደግነው እኛ ነን» ብሎ መለሰ። ለማረድ የሚያስብ ሰው ለምን ይንከባከባል? የሚንከባከብስ ሰው እንዴት ያርዳል? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የነበሩት የገበሬ ልጆች ሁሉ በየቤታቸው ጠይቀውታል፤ መልሱም ከመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። አንድ የገጠር ጓደኛችን የተናገረው ቃል ግን በብዙዎቻችን ልብ ገብቷል። «አባቴ በሬ ሲሸጥ ገመዱን ፈትቶ ይዞት ይመለሳል፤ ገመዱን በግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ያን ማታ እናቴ አታናግረውም፣ እኛም አናናግረውም። በማግሥቱ በሽያጩ ገንዘብ የትምህርት ቤት ልብሳችንን ይገዛል» አለ። ይህ ልጅ ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ እንዲህ ተወሰነ፤ ሁለቱ ወንዶች ይሸጡ፤ ጥጥዬ ግን ሴት ስለ ሆነች ለርቢ ትቅር። ውሳኔው በእርሻ ትምህርት መሠረት ትክክል ነው፤ የሚራባውን ትቶ የማይራባውን መሸጥ የማንኛውም አርቢ ልማድ ነውና። አንዳንድ ሰዎች ጥጥዬ የተረፈችው ስም ስለ ነበራት ነው ብለው ያሙናል። በመሸጫው ቀን ግማሾቻችን ገበያ ወረድን፤ ግማሾቻችን ቀረን። ከቀሩት መካከል ልጃገረዶቹን ስለ እንባቸው ሲያሾፍባቸው የነበረ አንድ ወጣት በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ብቻውን ቆሞ ተገኝቷል፤ ስሙን እንድንጠራ አይፈልግም። በፋሲካ ዕለት ግን ሁላችንም በየቤታችን ዶሮ ወጥ በላን። ዶሮዋ ስም አልነበራትም። ይህን የምንናገረው ለማሳቅ አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ስለ ሆነ ነው እንጂ። በበጎቹ ዋጋ የተገዙት 14 መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በግራ በኩል ባለው መደርደሪያ ይገኛሉ።

የሰው ልብ ስለ እንስሳት ሲሆን እንግዳ ነገር ነው። በአገራችን ያለውን የአህያ ብዛት የሚያክል በሌላ አገር የለም ይባላል፤ ግን በገበያ ቀን መንገድ ላይ ብትቆሙ ጀርባቸው ተልጦ ያልተጫኑ ጥቂቶች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ ለውጭ አገር ገበያ አህያ የሚታረድበት ቄራ በተከፈተ ጊዜ ግን የከተማው ሕዝብ አዝኖና ተቈጥቶ ስለ ተቃወመ ቄራው ተዘግቷል። ያን ጊዜ የተቈጣው ሰውና በማግሥቱ አህያውን በዱላ የሚነዳው ሰው ምናልባት አንድ ሰው ነው። ይህን ሰው ግብዝ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ከበጎቹ ወዲህ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። በቁስሉ ላይ መጫን ግን ምንም ምክንያት የለውም፤ ከኮርቻው በታች ድሪቶ ማንጠፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ወደ እኒያ እናት ጥያቄ እንመለስ። ልጆቻቸውን የላኩት ለትምህርት ነው ወይስ ለለቅሶ? እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ለቅሶው ይቅር ብንል ውሸት ይሆናል፤ በረት ባለበት ሞት አለ። ነገር ግን ልጅቱ ሦስት ቀን እህል ካልቀመሰች በኋላ በአራተኛው ቀን ያደረገችውን እናቲቱ ሳያውቁት አልቀሩም ይሆናል፤ በጠዋት መጥታ የሞተው ጥጃ የነበረበትን ቦታ ጠረገች፤ አመድ ነሰነሰችበት፤ በግድግዳውም ላይ ውርጩ የሚገባበትን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነች። ማንም አላዘዛትም። ሌሎቻችን ደርሰን ጭቃውን ስናቦካ አገኘችን እንጂ እኛ አልጠራናትም።

በፈተናም ነገር ወላጆች እንዳይሰጉ እንለምናለን። የተራ ሰዓታችን ጠዋት ከትምህርት በፊት አንድ ሰዓት፣ ማታ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ በራሱ ፈቃድ በየቀኑ የሚመጣ አይታጣም። እርሱን ማገድ ለእኛም አስቸግሮናል።

ስለ ክረምቱም ያሰብነውን እንነግራችኋለን። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ 16 የክበቡ አባሎች በተራ ሊጠብቁ ስማቸውን አስመዝግበዋል። ከብቶቹ ከተሸጡ በመስከረም መልሶ ለመግዛት ዋጋው ከዛሬው ዋጋ እንደሚበልጥ ወላጆች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሻሾ በጥር ወር ስለ ተጠቃች በሚመጣው ጥቅምት ትወልዳለች፤ በመጨረሻዋ ጊዜዋ ወደማታውቀው ቤት ብትሄድ አይመቻትም። ጥጥዬም ገና ብርዱን የምትችል አልሆነችም። ከፈንግል የተረፉት አራት ዶሮዎች አሁን በጣም ደኅና ናቸው፤ አንዷም መታቀፍ ጀምራለች።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። የበረቱን ጣራ ለመጠገን 12 ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ያረጀም ቢሆን ይሆናል። ከመኸር በኋላ ገለባ የሚተርፈው ቢኖር እንድናመጣ ቢነግረን እኛ ራሳችን ተሸክመን እንመጣለን። ሦስተኛው ደግሞ በሰፈራችን ዶሮ ያላቸው ቤቶች ሁሉ በአንድ ቀን ቢከተቡ በሽታው መግቢያ ስለማያገኝ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ዶሮዎቻችሁን በቅርጫት ይዛችሁ ወደዚህ ግቢ እንድትመጡ ነው። ባለሙያው እንደሚመጡ ቃል ሰጥተውናል። ማምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ስማቸውን ለአባባ ቢነግሩ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ይወስዱላቸዋል።

በጥቅምት እንገሩ ሲገኝ እኒያ እናት ከሁላችን በፊት እንዲቀምሱ ክበቡ በአንድ ድምፅ ወስኗል።